በዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚካሄዱ ሕዝባዊ ገለጻዎችንና ዓውደ ጥናቶችን ከውጭ ያለ ሰው እንዴት ይከታተላቸዋል?

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ሳስተምር 14 ዓመት ሆኖኛል። ከተመረቅሁ ወዲህ ከምርምሩ ዓለም ጋር ያለኝ ግንኙነት በመማሪያ መጽሐፉና አልፎ አልፎ እጄ በሚገቡ ጽሑፎች ብቻ ተወስኖ ስለቀረ፣ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ለሕዝብ ክፍት ሆነው የሚሰጡ ገለጻዎችንና ዓውደ ጥናቶችን ለመከታተል ቆርጬ ተነሥቼ ነበር። የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን ከንቱ ቀረ።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ በቴሌግራም የላከልኝ ማስታወቂያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን፣ ሰዓቱን በሚመለከት የሚለው "8:00" ብቻ ነበር። እኔም ስምንት ሰዓት ብዬ አነበብሁት። ከሰዓት በኋላ የነበሩኝን ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ጓደኛዬ እንዲይዝልኝ ለምኜ፣ ሁለት ታክሲ ቀይሬ፣ ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ አዳራሹ በር ደረስሁ። ውስጥ የነበሩት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ብቻ ናቸው፤ ወንበሮቹን አንዱን ባንዱ ላይ እየደረቡ ወለሉን ይጠርጋሉ። መድረኩ ላይ ተጠጥቶ የተጋመሰ የውኃ ፕላስቲክና የተናጋሪው ስም የታተመበት የታጠፈ ወረቀት ቀርቷል። "እነሱማ ጠዋት ጨርሰው ሄዱ፣ ልጄ" አሉኝ። ለካስ 8:00 የተባለው በፈረንጆች አቆጣጠር ኖሮ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው።

ስለዚህ ልምድ ያላችሁ ሰዎች እንድትመክሩኝ እጠይቃለሁ። እንዲህ ያሉ ዝግጅቶችን አስቀድሞ ለማወቅ የሚያስችል አስተማማኝ መንገድ የትኛው ነው? ተማሪም ሠራተኛም ያልሆነ ሰው በበር ሲገባ ምን ይጠየቃል? አዳራሽ ከገባስ በኋላ እንደ ማንኛውም ታዳሚ ጥያቄ ማቅረብ ይችላል? በመጨረሻም፣ የታሪክ ክበብ አባል የሆኑ 12 ተማሪዎች ስላሉኝ፣ እነሱን ይዞ መሄድ የሚቻል እንደ ሆነ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

ምላሽ 1፦ የስድስት ኪሎ ምሩቅ

ሰላም መምህር። ከተመረቅሁ ሰባት ዓመት ቢያልፈኝም በወር አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ግቢው መመላለሴን ስላልተውሁ፣ የማውቀውን ልንገርዎት።

የእርስዎ ትምህርት ታሪክ ከሆነ በቅድሚያ ሊያውቁት የሚገባው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ተቋሙ በ1963 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክኸርስት ነበሩ፤ ሙዚየሙም የሚገኘው በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ገለጻዎችና የመጽሐፍ ምረቃዎች በብዛት ከሚካሄዱባቸው አዳራሾች አንዱ የሆነው ራስ መኰንን አዳራሽም እዚያው ግቢ ውስጥ ስለሚገኝ፣ አንዱን ፍለጋ የሄደ ሰው ሌላውን ሳያይ አይመለስም። ለተማሪዎችዎ ደግሞ ከገለጻው ባልተናነሰ የሚጠቅማቸው ከሕንፃው ፊት ለፊት የቆመው ጠመዝማዛ ደረጃ ይመስለኛል። ጣሊያኖች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እየቆጠሩ የሠሩት ሲሆን፣ ከድል በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀምጦበታል። እርከኖቹን እየቆጠሩ እንዲወጡ ሳይሆን፣ ከታች ቆመው እንዲቆጥሩ ያድርጓቸው።

ማስታወቂያን በሚመለከት፣ በስልክ ከሚደርሰን ይልቅ በዓይኔ ያየሁትን ማመን ይቀናኛል። ወር በገባ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ብቅ ብለው በየትምህርት ክፍሉ ኮሪደርና በቤተ መጻሕፍቱ አካባቢ ያሉትን ሰሌዳዎች ይመልከቱ። የቤት ኪራይና የላፕቶፕ ሽያጭ ማስታወቂያ ተደራርቦ ስለሚለጠፍ፣ የሚፈልጉት ወረቀት ብዙ ጊዜ ጥጉ ብቻ ነው የሚታየው፤ ማኅተም ያለበትን ጥግ ፈልገው ከላይ ያለውን ገለጥ ማድረግ ነውር የለውም።

ዓመቱን ሙሉ መመላለስ ለማይመቸው ሰው ደግሞ የበዓላቱን ዙሪያ መጠበቅ አንድ ዘዴ ነው። የካቲት 12፣ የካቲት 23 እና ሚያዝያ 27 ሲቃረቡ ስለ አርበኞች ታሪክ፣ ስለ ዓድዋና ስለ ጣሊያን ወረራ የሚሰጡ ገለጻዎች ይበረክታሉ። የካቲት 12 ለዚያ ግቢ የተለየ ትርጉም አለው፤ በ1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት በዚያው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲሆን፣ የሰማዕታቱ ሐውልት የቆመውም ከዩኒቨርሲቲው በር ማዶ አደባባዩ ላይ ነው።

ማንም የማይነግርዎት አንድ ነገር ልጨምር። ከገለጻ ሁሉ ይልቅ እኔ የምወደው ክፍት ዲፌንስ ነው። የዶክትሬት ዕጩዎች ጥናታቸውን በገምጋሚዎች ፊት ሲያቀርቡና ሲሟገቱ፣ በሩ አብዛኛውን ጊዜ ለማንም ክፍት ነው። ዕጩው ግማሽ ሰዓት ገደማ ያቀርባል፤ ከዚያ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጋበዘው የውጭ ገምጋሚ የጽሑፉን ገጾች በተለያየ ቀለም ወረቀት ምልክት አድርጎባቸው ይመጣና፣ "ገጽ 86 ላይ ያሉትን ገጽ 210 ላይ ለምን አፈረሱት?" እያለ ይጀምራል። ከኋላ ወንበር ላይ አበባ የታቀፉ እናትና ዘመዶች ምንም ሳይገባቸው የገምጋሚውን ፊት ብቻ እያዩ ይጨነቃሉ። ስለ አንድ ርእስ ምን እንደ ተጻፈ፣ ምን እንደ ጎደለና የታሪክ ማስረጃ እንዴት እንደሚመዘን በሁለት ሰዓት ውስጥ እንዲህ ጥርት ብሎ የሚታይበት ሌላ መድረክ አላውቅም። ሰኔ አካባቢ ስለሚበዛ፣ የክረምቱ ዕረፍት ከመግባቱ በፊት አንዱን እንዲያዩ እመክርዎታለሁ።

ምላሽ 2፦ አስተባባሪ (ከክልል ዩኒቨርሲቲ)

መምህር፣ የደረሰብዎት ነገር እኔ በማዘጋጃው ወገን ሆኜ የማየው የዘወትር ችግር ነው። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ሴሚናሮችንና ዓመታዊ ጉባኤዎችን ከሚያስተባብሩት አንዱ ስለሆንሁ፣ ማስታወቂያው ለምን እንደሚዘገይና ለምን እንደሚሳሳት በግልጽ ብናገር ሳይሻል አይቀርም።

የሚዘገየው በንቀት አይደለም። ተናጋሪው ቀኑን እስኪያረጋግጥ፣ አዳራሹ በደብዳቤ እስኪፈቀድ፣ ለሻይ ዕረፍቱ የሚሆነው ወጪ እስኪፈረም ድረስ ማንም ማስታወቂያ ለመለጠፍ አይደፍርም፤ ሦስቱ ሲሟሉ ደግሞ ዝግጅቱ አራት ወይም አምስት ቀን ይቀረዋል። ስለዚህ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ የሚለጠፍ ነገር ካዩ ወይ ትልቅ ጉባኤ ነው፣ ወይ ቀኑ ሊለወጥ የሚችል ነው። ትልልቆቹ ጉባኤዎች በሌላ ሥርዓት ይመራሉ። የጥናት ጽሑፍ ጥሪ ከወራት በፊት ይወጣል፣ አጽሕሮተ ጽሑፍ ተልኮ ይገመገማል፣ ታዳሚም ቢሆን አስቀድሞ መመዝገብ ሊጠበቅበት ይችላል። በ1959 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ የተጀመረው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ የዚህ ዓይነቱ ነው፤ ሦስተኛው በ1966 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ተካሂዷል።

የሰዓቱን ስሕተት እርስዎ በሚገባ ስላዩት አልደግመውም። ከእሱ የማይተናነሰው የቀኑ ነው። የአማርኛውን ማስታወቂያ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ወጣት ግንቦትን "ሜይ" ብሎ ይተረጉምና ቁጥሩን እንዳለ ይተወዋል። ግንቦት 1 ግን የሚውለው ሜይ 9 ላይ ስለሆነ፣ ግንቦት 8 ማለት ሜይ 16 ነው፤ ስሕተቱን ያመነ ሰው ስምንት ቀን ቀድሞ ይመጣል ማለት ነው። ልዩነቱ በየወሩ አንድ ዓይነት አይደለም። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ የካቲት 1 ፌብሩዋሪ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7 ላይ ይውላሉ። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግሥት ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቀን ይጨመራል፤ የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ የዋለው በዚህ ምክንያት ነበር።

ይህን ሁሉ በቃል መያዝ አያስፈልግም። እኔ የምጠቀምበት ማጣሪያ የሳምንቱ ቀን ነው። ለምሳሌ "ዓርብ ሜይ 8 ቀን 2025" የሚል ማስታወቂያ ቢደርስዎ፣ የስልክዎን ካላንደር ሲከፍቱ ያ ቀን ሐሙስ ሆኖ ያገኙታል። ወዲያው አንድ ነገር እንደ ተዛባ ይገባዎታል፤ ግንቦት 8 ቀን 2017ን ሲመለከቱ ደግሞ በትክክል ዓርብ ነው። ወር የሚተረጉም ሰው ቁጥር ይስታል እንጂ ዓርብን ሐሙስ አይልም።

የግቢውንም ስም ሳያረጋግጡ አይነሡ። አንድ ዩኒቨርሲቲ ማለት ብዙ ጊዜ አንድ አጥር ማለት አይደለም። ባሕር ዳር ፔዳና ፖሊ አሉ፤ ጎንደር ቴዎድሮስና ማራኪ አሉ፤ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ አምስት ኪሎና አራት ኪሎ በእግር የሚደረስባቸው ቢሆኑም በተሳሳተው በር የገባ ሰው የመክፈቻውን ንግግር ማጣቱ አይቀርም። የመክፈቻ ንግግር ያመለጠው ሰው እምብዛም አልተጎዳም ካላችሁኝ፣ ሥራዬ ስለሆነ አስተያየት ከመስጠት እቆጠባለሁ።

ምላሽ 3፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ

ከላይ የተሰጠው ምክር ጥሩ ሆኖ ሳለ የበሩ ጉዳይ በጣም ቀላል ተደርጎ የታለፈ መሰለኝ። "ብቅ ብለው ሰሌዳ ይመልከቱ" ማለት መታወቂያ ላለን ለእኛ ይቀልላል። ከውጭ የሚመጣ ሰው ግን በር ላይ "ወደ ማን ነው የሚሄዱት?" ተብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው፤ "ማስታወቂያ ላነብ" የሚል መልስም ብዙም አያስኬድም። ስለዚህ የዝግጅቱን ማስታወቂያ በስልክዎ ይያዙ፤ የተዘጋጀበትን የትምህርት ክፍል ስም በትክክል ይወቁ፤ የቀበሌ ወይም የሥራ መታወቂያዎን አይርሱ። ላፕቶፕ ይዘው ከገቡ ጥበቃው የመለያ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ይጽፈዋል። ሲወጡ ቁጥሩ ከመዝገቡ ጋር ስለሚመሳከር፣ በገቡበት በር መውጣት ይኖርብዎታል። ይህን ሳላውቅ በሌላ በር ልወጣ ስል መዝገቡ እስኪመጣ ሰዓት ተኩል ቆሜያለሁ፤ ቁጥሩ ደግሞ የሚገኘው ከላፕቶፑ ሆድ ሥር በደቃቅ ፊደል ስለሆነ፣ ከቤትዎ ፎቶ አንሥተው ይውጡ።

12 ተማሪ ይዞ ያለ ደብዳቤ መሄድ የሚታሰብ አይደለም። ከትምህርት ቤትዎ ማኅተምና ቁጥር ያለው ደብዳቤ ዝግጅቱን ለሚያካሂደው ክፍል ያጽፉ፣ የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር ያያይዙ፣ ግልባጩንም ለጥበቃ ክፍል ያድርጉ። ሙዚየሙን መጎብኘት ከገለጻው የተለየ ጉዳይ ስለሆነና የመግቢያ ክፍያም ስላለው፣ በደብዳቤው ላይ ለብቻው ይጠቀስ።

ምላሽ 4፦ ከዋሺንግተን

እኔ የምከታተለው በኢንተርኔት ስለሆነ አንድ አጭር ማሳሰቢያ ብቻ ላክል። አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ ስምንት ሰዓት የሚጀመር ሴሚናር እዚህ በሞቃቱ ወራት (ከማርች እስከ ኖቬምበር) በፈረንጆች አቆጣጠር ከጠዋቱ 7፡00፣ በብርዱ ወራት ደግሞ 6፡00 ላይ ይሆናል፤ ኢትዮጵያ ሰዓቷን ስለማትለዋውጥ፣ አሜሪካ በማርችና በኖቬምበር ሰዓት በምትቀይርባቸው ሳምንታት ብዙዎቻችን እየተሳሳትን እንገባለን። እስራኤል ያለችው እኅቴ በሞቃቱ ወራት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ሰዓት ላይ ናት፤ በብርዱ ወራት ግን አንድ ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። አስተባባሪው ወንድማችን ማስታወቂያው ላይ "በአዲስ አበባ ሰዓት" የሚል ሦስት ቃል ቢያስጨምሩልን፣ ከአዳራሹ የሚመጣውም ድምፅ ከማይክራፎኑ በቀጥታ እንጂ ከአንድ ሰው ላፕቶፕ ባይሆን፣ ከሩቅ ያለነው ታዳሚዎች እናመሰግናለን። ከላፕቶፕ ሲሆን ከተናጋሪው ይልቅ በቅርብ የተቀመጠው ሰው ሳል ነው የሚሰማን።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሳምንቱን ቀን ማመሳከር የሚለው ዘዴ ወዲያው ጠቀመኝ። ትናንት የደረሰኝ ማስታወቂያ "ማክሰኞ" እያለ ቁጥሩ ረቡዕ ላይ የሚውል ሆኖ ስላገኘሁት፣ ስልክ ደውዬ ሳጣራ ቁጥሩ ስሕተት እንደ ሆነ ነገሩኝ።

ያልተመለሰልኝ ስለ ጥያቄ አቀራረቡ ነው። አቅራቢዎቹ በእንግሊዝኛ ሲናገሩ በአማርኛ መጠየቅ ይቻላል? ደግሞስ እኔን የመሰለ የሁለተኛ ደረጃ መምህር በፕሮፌሰሮች መካከል ተነሥቶ ቢናገር አይከብድም?

ምላሽ 5፦ የስድስት ኪሎ ምሩቅ

በአማርኛ ይጠይቁ፣ መምህር። ገለጻው በእንግሊዝኛ ቢሆንም የውይይቱ ሰዓት ሲደርስ አዳራሹ በከፊል ወደ አማርኛ ሲዞር ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ተናጋሪው የውጭ ሰው ከሆነ ደግሞ የመድረኩ መሪ ይተረጉምልዎታል።

የሚከብደው ጥያቄ ማቅረቡ አይደለም፤ ማይክራፎኑን ማግኘቱ ነው። በእኛ አገር ውይይት መጀመሪያ እጅ የሚያወጡት "ጥያቄ የለኝም፣ አስተያየት ነው ያለኝ" የሚሉት ናቸው፤ አስተያየቱም አቅራቢው ካቀረበው ጽሑፍ ይረዝማል። የመድረኩ መሪ ሦስት ሦስት ጥያቄ እየሰበሰበ መልስ ስለሚያሰጥ፣ በመጀመሪያው ዙር ካልገቡ ሁለተኛው ዙር በሻይ ሰዓት ሊቆረጥ ይችላል። እኔ የማደርገው ወደ ፊት ሦስተኛ ረድፍ አካባቢ መተላለፊያው ዳር መቀመጥና ጥያቄዬን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ መያዝ ነው። ደግሞም የመማሪያ ክፍል ልምድ ያለው ሰው የሚያነሣው ጥያቄ አቅራቢዎቹን ያስደስታቸዋል። "ይህን ለአሥረኛ ክፍል ተማሪ እንዴት ላስረዳው?" ብሎ የጠየቀ አንድ መምህር፣ ገለጻው ካለቀ በኋላ ከአቅራቢው ጋር ቆሞ ሲነጋገር ሻዩ እስኪያልቅ አይቻለሁ።

ደግሞ በአንድ ግቢ ብቻ አይወሰኑ። ጉለሌ በሚገኘው በቀድሞው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መኖሪያ የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ ሕዝባዊ ገለጻዎችን ያዘጋጃል፤ ቤቱ ራሱ ለታሪክ መምህር የሚናገረው አለው። ከስድስት ኪሎ ብዙ የማይርቀው የጎተ ተቋምም ውይይቶችና ዓውደ ርእዮች አሉት።

ምላሽ 6፦ አስተባባሪ (ከክልል ዩኒቨርሲቲ)

ስለ ዓውደ ጥናት አንድ ነገር ሳልናገር ቀርቼ ነበር። ገለጻና ዓውደ ጥናት በማስታወቂያ ላይ ቢቀላቀሉም በር ላይ ግን ይለያያሉ። ገለጻ ወንበር እስካለ ድረስ ማንንም ያስተናግዳል። ዓውደ ጥናት ግን ለተቆጠረ ሰው የተዘጋጀ ነው፤ የሰነድ ቅጂው፣ ምሳውና፣ ካለም የውሎ አበሉ፣ በስም ዝርዝር የተያዘ ስለሆነ፣ ያልተመዘገበ ሰው ሲመጣ አስተናጋጆቹ የሚጨነቁት ክፉዎች ሆነው አይደለም። "በታዛቢነት፣ ያለ አበልና ያለ ምሳ ለመሳተፍ እጠይቃለሁ" ብለው አስቀድመው ቢጽፉ እንቢ የሚል አስተባባሪ ብዙ አላጋጠመኝም፤ እኔም ብሆን ደስ እያለኝ ነው የምፈቅደው።

ለዋሺንግተኑ ወንድማችን፦ "በአዲስ አበባ ሰዓት" የሚለው ከሚቀጥለው ማስታወቂያ ጀምሮ ይገባል። ማይክራፎኑን ግን ቃል አልገባም፤ የድምፅ ባለሙያችን አንድ ነው፣ እሱም ለምረቃ በዓል ዝግጅት ተወስዷል።

ጠያቂው

ደብዳቤውን ዛሬ ርእሰ መምህራችን ፈርመውበታል። የ12ቱን ተማሪዎች ስም አያይዤ፣ ሙዚየሙን ለብቻ ጠቅሼ፣ ለጥበቃ ክፍል ግልባጭ አድርጌያለሁ። ከተማሪዎቹ አንዷ "ዲፌንስ" የሚለውን ስትሰማ "የሚከሰሰው ማን ነው?" ብላ ስለጠየቀችኝ፣ ሰኔ ላይ እሷን አስቀድሜ እወስዳታለሁ። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ሰዓት "3:00" ነው፤ ደውዬ አጣርቻለሁ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።